የማስቆም ሥልጣን

ገለኔ እትዬ በየነችን ከግንባታው ግቢ ያስወጣቻቸው ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ የቀን ሠራተኛው ሁሉ እያየ ነበር። ጥፋታቸው ሄልሜታቸውን አውልቀው አሸዋ ክምር ላይ ማስቀመጣቸው ነው። ውኃ በጀርባቸው ሲያመላልሱ ጀሪካኑ ሄልሜቱን ከኋላ እየገፋ ዓይናቸው ላይ ይደፋባቸዋል።

«ልጄ፣ የምረግጠውን ካላየሁ ያው መውደቄ አይደል?» አሉ፣ ሻሻቸውን እያጠበቁ።

«ይገባኛል እትዬ። ግን ደንቡ ፊት አይቶ አያዳላም። አሠሪያችን ኮሎኔሉ ራሳቸው ሄልሜት ሳያደርጉ ቢመጡ ከበር እመልሳቸዋለሁ።»

ይህን ስትል ድምፅዋን ከፍ ያደረገችው ሆን ብላ ነው። ሌሎቹ እንዲሰሙ ፈልጋለች፤ ሰሙም። እትዬ በየነች እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ታግደው፣ ባዶ ጀሪካናቸውን አንጠልጥለው ሲወጡ ያጉረመረመ ሰው አልነበረም። ገለኔም ዝምታውን እንደ ይሁንታ ቆጠረችው።

ከመቱ ወደ ኖፓ በሚወስደው መንገድ ዳር የሚሠራው ለወታደሮች ማደሪያ የሚሆን ካምፕ ነው። ሠራዊቱ ከተቋራጩ ጋር በገባው ውል፣ በግቢው ውስጥ አደጋን ቀድሞ የሚለይ የሠለጠነ ሰው እንዲኖር፣ ያም ሰው ማንንም ሳያስፈቅድ ሥራ የማስቆም ሥልጣን እንዲሰጠው ተደንግጓል። ወደ ግቢው የሚገባ ማንኛውም ሰው ደግሞ አስቀድሞ በሩ አጠገብ ካለው የሳንቃ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ የመግቢያ ሥልጠና መውሰድ አለበት። አሠልጣኟም ባለሥልጣኗም ገለኔ ናት። ሠራተኞቹ በስሟ አይጠሯትም፤ «ሴፍቲ» ይሏታል። ጅማ ሄዳ ስትሠለጥን ከሁሉ ይልቅ ልቧን የማረከው ይኸው የማስቆም ሥልጣን ነበር። ሰው ሁሉ በማዕረግና በዕድሜ፣ በዘመድና በትውውቅ በተሰደረበት ኑሮ ውስጥ፣ አንዲት ሴት በአንዲት ፊሽካ ትንሹንም ትልቁንም እኩል የምታቆምበት አንድ ቅጥር ግቢ መኖሩ፣ የፍትሕ ጭላንጭል መስሎ ታይቷት ነበር።

ኮሎኔል ጉርሙ ረቡዕ ጠዋት እንግዶች አስከትለው መጡ። ካምፑን በሠራዊቱ ስም የሚከታተሉት እሳቸው ናቸው፤ ወደ ግንባታው ሲመጡ ግን የመጀመሪያቸው ነበር። የተቋራጩ መሐንዲስ ሙነወር በሩ ላይ ጠረጴዛ አስወጥቶ አዳዲስ ነጫጭ ሄልሜቶች ደርድሯል። ኮሎኔሉ ከእንግዶቻቸው ጋር እየተጨዋወቱ፣ የወታደር ቆባቸውን እንዳደረጉ ጠረጴዛውን አለፉት። እንግዶቹም ተከተሏቸው።

ገለኔ ፊት ለፊታቸው ቆመች። አፏን ልትከፍት ስትል ኮሎኔሉ ዓይናቸውን አጥበብ አድርገው አዩዋትና ፊታቸው በራ።

«አካም ጂርታ፣ ኢንታላ ኮ? ደህና ነሽ ልጄ? የአብደታ ልጅ አይደለሽም እንዴ? እናትሽ እንዴት ናት?»

ጎንበስ ብላ እጃቸውን በሁለት እጇ ያዘች። ከአባቷ ጋር በአንድ ምሽግ ያደሩ፣ አባቷ የሞቱ ጊዜም ለቅሶ ቤቱ እስኪበተን ከድንኳኑ ያልተለዩ ሰው ናቸው። «ደህና ናት፣ ዋቃ ይመስገን» አለች። ከዚያ በኋላ ልትለው የሚገባት አጭር ነበር። ቃሉ ተዘጋጅቶ ምላሷ ላይ ተቀምጧል። ነገር ግን እጇ ገና በእጃቸው ውስጥ ነው፤ እንግዶቹ ፈገግ ብለው የወዳጅነቱን ወግ ያዳምጣሉ፤ የአባቷን ሬሳ የተሸከመን ሰው በባዕዳን ፊት «ይመለሱ» ማለት ከስድነት የማይለይ ሆኖ ተሰማት።

«ተዪው፣ ዛሬ እንግዳ ናቸው» አለ ሙነወር ከኋላዋ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አሁን ዞር ዞር ብለው ይሄዳሉ።»

ፈራሁ አላለችም፤ አከበርኩ አለች ለራሷ። ሕሊናዋንም በብልሃት ልታባብለው ሞከረች። ሮጣ ሄዳ ብሎኬት ወደ ላይ የሚስበውን ማሽን በእጅ ምልክት አስቆመች፤ ፎቁ ላይ ያሉት መዶሻም አካፋም እንዲያስቀምጡ አደረገች። ከላይ የሚወድቅ ነገር ከሌለ ከታች የሚጎዳ ራስ የለም፤ ስለዚህ ደንቡ በፊደሉ ባይጠበቅም በመንፈሱ ተጠብቋል። ሙግቱ ቆንጆ ነበር። ግቢው በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ፤ ሠራተኞቹም እጃቸውን አጣምረው ከየፎቁ ጠርዝ ቁልቁል ይመለከቱ ጀመር። ለአንድ ሰው አንድ ቃል ላለመናገር ሲባል ሥራው በሙሉ እንደ ቆመ ለመረዳት ሥልጠና አላስፈለጋቸውም።

ኮሎኔሉ ጎብኝተው ሲጨርሱ ዞር ብለው ጠየቋት። «ሠራተኞቹ ሁሉ ሠልጥነዋል?»

«አዎ ጌታዬ። ያልሠለጠነ ሰው እዚህ አይገባም።»

ያልሠለጠኑት ሰዎች ከነሙሉ ልብሳቸው ፊቷ ቆመው ነበር።

«ጎበዝ። አባትሽ ቢያይሽ ይኮራ ነበር» ብለው ትከሻዋን መታ መታ አደረጉና ወጡ።

ከምሳ በኋላ ፎቁ ላይ ካሉት ብዙዎቹ ሄልሜታቸውን ከፌሮው ጫፍ ላይ አንጠልጥለው አገኘቻቸው። ማንም አልተደበቀም። ከማእድ ቤቱ ጀርባ ለፍሳሽ ቱቦ በሚቆፈረው ቦይ ውስጥ ደግሞ ኢርሻድ የሚባለው ቀልደኛ ቆፋሪ፣ ሲሚንቶ ከረጢት አጣጥፎ እንደ ወታደር ቆብ በአንድ ጆሮው ላይ አዘንብሎ ደፍቷል።

«ሴፍቲ፣ አታስቢ» አላት ቀና ብሎ። «ዛሬ ማዕረግ ተሰጥቶኛል።»

ጓደኞቹ ሳቁ። ገለኔም ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ ከንፈሯ ግን እሺ አላላትም። ትናንት ቢሆን ኖሮ ስሙን ጠርታ ታስወጣው ነበር። አሁን ግን «አድርግ» ለማለት አፏ የከበደው፣ ቃሉ ከእሷ ወጥቶ ኢርሻድ ዘንድ ከመድረሱ በፊት በኮሎኔሉ በኩል ማለፍ ያለበት ያህል ስለተሰማት ነው።

ሰማዩ ያው የኢሉባቦር ሰማይ ነው፤ ሌሊቱን ዘንቦ ጠዋት አባርቷል። ቀዩ አፈር ውኃ ጠጥቷል። የቦዩን ግድግዳ የሚይዘው የእንጨት ድጋፍ እስከ እኩሌታ ድረስ ብቻ ነው የገባው፤ ኢርሻድና ጓደኞቹ የሚቆፍሩት ድጋፍ ካልደረሰው ጫፍ ነበር። ገለኔ ከጠርዙ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ሣሩ መካከል፣ ቀጭን ስንጥቅ አየች። በዓይኗ ስትከተለው ከቦዩ ጎን ለጎን ይሄዳል።

ፊሽካውን ነፋች። «ውጡ፣ ሁላችሁም ውጡ።»

የቀሩት እያመነቱ፣ አካፋቸውን እየጎተቱ ወጡ። ኢርሻድ ግን ጎንበስ እንዳለ ቀረ።

«ኢርሻድ፣ ውጣ ብዬሃለሁ።»

«ይህቺን ልጨርስና።»

ደግማ ነፋች። ቀና ብሎ አያት፤ ክፋት አልነበረበትም፣ ሳቅ ብቻ ነበረበት። «መጀመሪያ ለኮሎኔሉ ንፊላቸው እስቲ» አለ።

ከላይ የቆሙት ሳቁ። ሳቃቸው ሳያልቅ ግድግዳው ያለ ድምፅ ተንሸራተተ። አፈሩ እስከ ወገቡ ዋጠው። በእጃቸውም በአካፋም ጭረው ሲያወጡት ሕይወቱ አለ፤ ቀኝ እግሩ ግን ከጉልበቱ በታች አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ወጥቷል። በሙነወር መኪና ኋላ አጋድመው መቱ ሆስፒታል እስኪደርሱ ድረስ ገለኔ ጭንቅላቱን በጭኗ ደግፋ ያዘች።

እናቱ ወይዘሮ መስቱራ፣ ገበያ ውስጥ ሱቅ ያላቸው ሴት፣ ሻርፓቸው ከትከሻቸው ወርዶ እየተጎተተ ደረሱ። ልጃቸው ወደ ቀዶ ሕክምና ከገባ በኋላ ገለኔን ኮሪደሩ ላይ አገኟትና አቀፏት።

«ፊሽካ የነፋሽለት አንቺ ነሽ አሉኝ። ሁለቴ ነፍታ እምቢ አላት አሉኝ። ከልጅነቱም እንዲህ ነው፣ ሰው አይሰማም። ይቅር በይው ልጄ። አላህ ይስጥሽ።»

«አይ እማማ» አለች ገለኔ።

«አይ አትበይ። አንቺማ ሥራሽን ሠርተሻል።»

ምስጋናው ከየትኛውም ስድብ ይልቅ ገላዋን አቃጠላት። እውነቱን ልትነግራቸው ፈለገች፤ ቦዩ ውስጥ ያስቀረው እምቢተኝነቱ ሳይሆን ጠዋት ያልነፋሁት ፊሽካ ነው ልትላቸው። ነገር ግን ለእናት በዚያ ሰዓት እንዲህ ያለ ነገር መናገር የራስን ሸክም በሌላው ትከሻ ላይ ማራገፍ እንጂ ሌላ አይደለም ብላ ተወችው። ከዚያም ይህ ራሱ የጠዋቱን ሙግት እንደሚመስል አስተዋለች፤ ዝም ለማለት ባሰበች ቁጥር አእምሮዋ የተከበረ ስም ያወጣለታል።

ሐሙስ ጠዋት ኮሎኔሉ አደጋውን ሰምተው ብቻቸውን መጡ። ሠራተኞቹ ወደ ሥራ አልገቡም፤ በበሩ ዙሪያ ቆመው ነበር። ገለኔ መግቢያው መካከል ቆማ ጠበቀቻቸው። ይቆጡኛል፣ ስሜን ከነአባቴ ያነሱብኛል፣ ከሥራም ያስወጡኛል ብላ ለሁሉም መልስ አዘጋጅታለች።

«ጌታዬ» አለች። «ሄልሜት ሳያደርጉ መግባት አይችሉም። የመግቢያ ሥልጠናውንም አልወሰዱም።»

ኮሎኔሉ ቆሙ። ጠረጴዛውን አዩት። ከዚያም ቆባቸውን አውልቀው ብብታቸው ሥር አደረጉና ከሄልሜቶቹ አንዱን አንስተው አጠለቁ፤ ማሰሪያውንም አገጫቸው ሥር ራሳቸው ቆለፉት።

«እኔ እንደሆን ጨዋታ ይዤ አላየሁትም» አሉ። «ትናንት ለምን አልነገርሽኝም ልጄ?»

በጥያቄው ውስጥ ቁጣ የለም፤ እንቆቅልሹ ያልተፈታለት ሰው የዋህነት ብቻ ነው ያለው። ገለኔ ካዘጋጀቻቸው መልሶች አንዱም ለዚህ አልሆነም። ተራራ ብላ የፈራችው ነገር ይህን ያህል ነበር፤ አንድ ሰው ቆቡን አውልቆ ሄልሜት የሚያደርግበት ጊዜ ያህል።

«እሺ፣ አስተምሪኝ» ብለው አግዳሚው ላይ፣ የቀን ሠራተኞች በሚቀመጡበት ቦታ፣ ተቀመጡ።

ስለሚንጠለጠል ጭነት፣ ስለ መሰላል፣ ስለ መወጣጫ እንጨት ነገረቻቸው። ስለ ቦይ ስትደርስ ድምፅዋ ቀጠነ፤ ቢሆንም አላቋረጠችም። ኮሎኔሉ ጉልበታቸው ላይ ተደግፈው እንደ ጥሩ ተማሪ ያዳምጣሉ።

«ሥራ የማስቆም ሥልጣን አለ ብለሻል» አሉ። «የማን ነው?»

«የእኔ ነው ጌታዬ።»

«እኔንም ማስቆም ትችያለሽ?»

«እችላለሁ።»

«ትናንትም ትችይ ነበር?»

ከቆሙት ሠራተኞች አንዳንዱ መሬት መሬት ያያል፤ አንዳንዱ እሷን።

«እችል ነበር» አለች።

ኮሎኔሉ ዓይናቸውን ከፊቷ ላይ አነሱ። ለእሷ ብለው ይሁን ለራሳቸው አልታወቃትም። ቀና ሳይሉ፣ «ቀጥዪ» አሏት።

የቀረው ስለ ኤሌክትሪክ ገመድ ነበር። ሠራተኞቹ እያዩዋት ስለ ኤሌክትሪክ ገመድ ተናገረች።