አምስተኛዋ መንገደኛ

ይመኙሻል የጉዞውን እቅድ የነደፈችው ጊዜው ባለፈበት የግድግዳ ካላንደር ጀርባ ላይ ነበር። ደብረ ብርሃን ውስጥ መዋዕለ ሕፃናት ስለምታስተምር እቅዱም የክፍሏን ግድግዳ መሰለ፤ መንገዱ በቀይ፣ ማደሪያው በሰማያዊ፣ ልጆቹ "ሽንቴ መጣ" የሚሉበት ቦታ ደግሞ በቢጫ። በአጋማሽ ዓመቱ ዕረፍት፣ በአምስት ቀን ሦስት ፓርክ ሊያዩ ነው፤ አዋሽን፣ አብጃታ ሻላን፣ ባሌን። መኪና ደግሞ የባሏ ወንድም ባየው ሊያውሳቸው ቃል ገብቷል።

ባሏ ጌታሰው የብርድ ልብስ ፋብሪካ መካኒክ ነው። ወረቀቱን ቆሞ ሲያይ ቆየና፣

"እዚህ ቅርብ ጫጫ ሳትደርስ የምታስመልስ ልጅ ባሌ ድረስ እንዴት ልትሆን ነው?" አለ።

"ትለምደዋለቻ!"

"እንግዲያው እንሞክራት። ቅዳሜ አንኮበር እማዬን ጠይቀን እንመለስ። ያን ካለፈች እኔም አፌን እዘጋለሁ።"

የሰባት ዓመቱ ቃለ አብ ከጠረጴዛው ሥር ብቅ ብሎ "አባዬ፣ አንበሳ የመኪና በር መክፈት ይችላል?" ሲል ጠየቀ።

ቅዳሜ ከከተማው ከወጡ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሳሌም የወንድሟ ጫማ ላይ አስመለሰች። አራት ዓመቷ ነው። አፏን ከጠረጉላት በኋላ ወዲያው ሙዝ አማራት። ጌታሰው ሚስቱን በመስታወቱ ውስጥ አያት። እሷ በመስኮት ወደ ውጭ መመልከት መረጠች።

የጌታሰው እናት ወይዘሮ ወለተሐና፣ ባላቸው ቄስ ገብረኪዳን ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩት ገደሉ አፋፍ ላይ ባለችው ቤት ነው። ምሳ ቀርቦ እየበሉ ሳሉ ቃለ አብ ካላንደሩን መሬት ላይ ዘርግቶ ለአያቱ ያስረዳቸው ጀመር።

"ይኼ አዋሽ ነው፣ እማማ። ሳላ የሚባል እንስሳ አለ። ቀንዱ ረጅም ነው፣ ልክ እንደ ጦር።"

"አዋሽንማ ከደጄ ሆኜ አየው የለ! ያ ጭጋግ የሚለብሰው ሜዳ አይደል?" አሉ ሴትዮዋ። ከዚያ ወረቀቱን አየት አድርገው፣ "ለእኔስ ቦታ ይኖረኛል?" ሲሉ ጠየቁ።

ጌታሰው ያነሳውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠ። "እማዬ፣ በረሃ እኮ ነው። ሙቀቱን አትችይውም። ደግሞ ጉልበትሽስ?"

"በመኪና ተቀምጬ ነው የምሄደው፣ በጉልበቴ አልሮጥ።"

ይመኙሻል ፈገግ ብትልም ልቧን ቅር አለው። ከተጋቡ ጀምሮ አራቱ ብቻቸውን የሄዱበት አገር የለም። ሁልጊዜ ወይ ለቅሶ ነው፣ ወይ ክርስትና፣ ወይ የዘመድ ሠርግ። አማቷ ከመጡ ማደሪያው ሊቀየር፣ መቆሚያው ሊበዛ፣ ባሌም ሊቀር ነው። ይህን በማሰቧ ደግሞ አፈረች። ሳሌምን እጅ አስታጥባለሁ ብላ ወደ ደጅ ወጣች።

ወይዘሮ ወለተሐና ተከትለዋት ወጡ።

"ቅር አለሽ አይደል?"

"ኧረ እማማ፣ እንዴት ብዬ..."

"ቢልሽም አልፈርድብሽም። እኔም አማት ነበረችኝ።" ወደ ቁልቁለቱ ጠቆሙ። "አባታችሁ ለበርበሬውም ለጨውም አሊዩ አምባ ገበያ ይወርድ ነበር። በተመለሰ ቁጥር ስለ ግመሉ፣ ስለ ሙቀቱ ያወራልኛል። አንድ ቀን እኔም ልውረድ ስል ወይ ልጅ ይታመማል፣ ወይ ላም ትወልዳለች፣ ወይ ቤት የሚጠብቅ ይጠፋል። ስድስት ልጅ አሳድጌ እዚያች ገበያ ደርሼ አላውቅም። አሁን የምጠብቀው ልጅም ላምም የለኝም። ካልሆነ ግን ይቅር፣ አልቀየምም።"

ይመኙሻል ራሷም ልጆቹ ትንሽ ከፍ ይበሉ እያለች ስንት ነገር እንዳስተላለፈች አሰበች። ቤት ገብታ እስክሪብቶ አነሳችና በመጀመሪያ ባሌን፣ ቀጥላ አብጃታ ሻላን ሰረዘች። በቢጫ ያቀለመቻቸውን መቆሚያዎች በእጥፍ አበዛቻቸው።

"ባሌስ?" አለ ጌታሰው ደንግጦ።

"ባሌ የት ይሄዳል? በሦስት ቀን አዋሽ ደርሰን እንመለሳለን። እማማ፣ ልብስዎን ያዘጋጁ።"

"ብቻ ነነዌ ሳይገባ ይሁን፤ እኔ መንገድ ላይ ነኝ ብዬ ጾም አልገድፍም" አሉ አማቷ፤ ሳቃቸውን ግን መደበቅ አልቻሉም።

በጥር መጨረሻ አንድ ሐሙስ ማለዳ ከአንኮበር ቁልቁል ወረዱ። ጌታሰው በሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሬኑን እየቆጠበ ነዳ። ወይዘሮ ወለተሐና ከኋላ በሁለቱ ልጆች መሃል ተቀምጠው፣ ጭናቸው ላይ አንድ ዘንቢል ዳቦ ቆሎ ይዘዋል። በሦስተኛው ጠመዝማዛ ላይ ሳሌም "እማማ፣ ሆዴ ተገለበጠ" አለች።

"የኔም" አሉ አያቷ።

መኪናው ቆመ። አያትና የልጅ ልጅ መንገድ ዳር ጎን ለጎን አጎንብሰው አስመለሱ፤ ይመኙሻል በአንድ እጇ የአንዷን ግንባር፣ በሌላው የሌላዋን ደግፋ ቆመች። ሲጨርሱ ሳሌም አያቷን ቀና ብላ አየቻቸው። እስከዛሬ በመኪና የምትታመመው እሷ ብቻ ይመስላት ነበር። ከዚያ በኋላ እጃቸውን ይዛ ሄደች እንጂ አላለቀሰችም።

አሊዩ አምባ ላይ ሻይ ጠጡ። ወይዘሮ ወለተሐና ሁለት ግመሎች እስኪያልፉ ቆመው ተመለከቱና "አባታችሁ ቁመታቸውን አሳንሶ ነበር የሚያወራልኝ" ብለው ወደ መኪናው ተመለሱ።

ፓርኩ የገቡት በማግስቱ ጧት ነው። ቃለ አብ ሳላ ቆጠረ፤ አሥራ አንድ ደርሶ ተሳሳተና እንደገና ከአንድ ጀመረ። ፏፏቴው ዘንድ ሲደርሱ ጌታሰው ለእናቱ ጥላ ያለበት ድንጋይ መረጠላቸው። ገና ከመቀመጣቸው አንድ ትልቅ ዝንጀሮ ከዛፉ ወርዶ የዳቦ ቆሎውን ዘንቢል በማንጠልጠያው ይዞ እብስ አለ።

"አንተ! አንተ ሌባ!" ወይዘሮ ወለተሐና ጉልበታቸውን ረስተው ብድግ አሉ። ዝንጀሮው ቅርንጫፍ ላይ ተደላድሎ ተቀምጦ አንድ እፍኝ ወደ አፉ ወረወረ፤ አላመጠና እንደ መደነቅ ብሎ ሌላ ጨመረ። "ወደደው! ኧረ ወደደው!" አሉ። ይስቁ ጀመር፤ እስኪያነቡ፣ የይመኙሻልን ትከሻ እስኪደገፉ ሳቁ።

ጌታሰው አባቱ ከሞቱ ወዲህ እናቱ እንዲህ ሲስቁ አይቶ አያውቅም። ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ሊያነሳቸው ፈልጎ ነበር፤ እሱም ሳቁ አሸንፎት መሬት ላይ ቁጭ አለ። ሳሌም ከዛፉ ሥር ሆና ዝንጀሮውን ድርሻዋን እንዲሰጣት ትለምነው ነበር።