ሰዓት ይምረጡ

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር ዛሬውኑ ቢጠፋ ይሻላል» አለ የሟች ታናሽ ወንድም፣ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ። «እኔ ነገ ወደ ሥራዬ ተመላሽ ነኝ። ከሄድኩ በኋላ የሚያጠፋልህ ሰው የለም።»

ሰዓት ሠሪው ቀና አለ። ሚስቱ ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ሳሎኑ ከየጎረቤቱ በተዋሱት ወንበሮች ተጣቧል። ሰው ይገባል፣ «እግዜር ያጽናህ» ይላል፣ ቡናውን ይጠጣል፣ ከጎኑ ካለው ጋር ይንሾካሾካል፣ ይወጣል። ሦስት ቀን ሙሉ የማንም ቃል ጆሮው አልገባም ነበር። ይሄኛው ገባ።

«ምኑ ነው የሚጠፋው?»

«እትዬ የሠራችው ድረ ገጽ ነዋ። አላየኸውም እንዴ?»

አላየውም። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ሚስቱ ሠላሳ ዓመት በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት ሠርታ ጡረታ ስትወጣ፣ እጇን አጣጥፋ መቀመጥ አልሆንልሽ አላት። የሦስት ሳምንት የኮምፒውተር ሥልጠና ገባች። ከዚያ የሆነ የቅንጡ ሰዓቶች መደብር ድረ ገጽ አየችና ልቧ ተሰረቀ። ጥቁር ገጽ፣ ወርቃማ ፊደል፣ ዝግ ብለው የሚሽከረከሩ ሰዓቶች።

«እንዳለ ገልብጬ ላንተ ነው የምሠራው» አለችው። «ምናቸው ይበልጥሃል?»

«እነሱ አዲስ ነው የሚሸጡት። እኔ የሞተ ነው የማስነሳው» አላት፤ ሳቁ።

የሚሠራው እዚያው ቤት፣ ከሳሎኑ ቀጥሎ ባለችው ክፍል ነው። እሷ ከወዲህ ትጣራለች፦ «ና እስቲ አንዴ እየው!» እሱ ማጉያውን ዓይኑ ላይ እንደሰካ ከወዲያ ይመልሳል፦ «አሁን ሰዓት የለኝም።»

«ሰዓት ሠሪ ሰዓት ከሌለው ማን ይኑረው?» እያለች ትስቅ ነበር፣ መጀመሪያ ሰሞን። በኋላ ሳቁ ቀረ። ከዚያ መጣራቱም ቀረ። ሰልችቷት ተወችው ብሎ አሰበ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ቤቱ ጸጥ በማለቱ ደስ ብሎት ነበር። አሁን ጸጥታውን እንደልቡ አግኝቷል፤ ይኸው፣ በሰው መሀል ተቀምጦ ብቻውን ነው።

«የሰው ሥራ እኮ ነው ጋሼ» አለ ወንድሟ። «ቀለሙን፣ ፊደሉን፣ አቀማመጡን፣ አንድ ሳታስቀር ነው የገለበጠችው። ቢከሱስ?»

«ሟች ትከሰሳለች?» አለች ጥግ የተቀመጠችው ልብስ ሰፊ ጎረቤታቸው።

«ስሙ የተጻፈው የሱ ነዋ!»

«ሳላየው አይጠፋም» አለ ሰዓት ሠሪው።

ወንድሟ ላፕቶፑን ከማቀበሉ በፊት አንድ ነገር ነካካ። «ለነገሩ አታስብ፣ ሰው አላየውም። አራት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ተከፍቷል ይላል። ሁሉም ከዚሁ ከራሷ ኮምፒውተር ነው።»

ሊያጽናናው ብሎ ነበር። ሰዓት ሠሪው ግን ቁጥሩን ደግሞ አነበበው። አራት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ፣ እዚህ ወንበር ላይ ብቻዋን ተቀምጣ፣ ሱቁን ራሷ ከፍታ ራሷ ገብታበታለች። በመካከላቸው የነበረው አንድ ግድግዳ ነው።

አየው። ትልቁ መደብር የሚሽከረከር ሰዓት ባደረገበት ቦታ፣ በስልኳ ያነሳችው አሮጌ የጠረጴዛ ሰዓት ዘመም ብሎ ቆሟል፤ ጠርዙ ላይ አውራ ጣቷ ገብቶ ይታያል። ከሥሩ «ከትውልድ ትውልድ የሚሻገር ጥበብ» ይላል፤ ከዚያ ሥር «ሐሙስ ከምሳ በኋላ ዝግ ነን»። ዝነኛ ሰዎች ሰዓት አስረው በሚታዩበት ቦታ ደግሞ እሱ አለ። ከጀርባው ነው ያነሳችው፤ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሏል፣ መላጣው ያበራል። መቼ እንዳነሳችው አያውቅም። ከሥሩ ጽፋለች፦ «ታላቁ ባለሙያችን በሥራ ላይ። እባክዎ አይረብሹት።»

ልብስ ሰፊዋ ከጥጓ ተነስታ መጥታ ከትከሻው በላይ አነበበችና ፊቷን አዞረች።

«ታች ደግሞ ተሳስታለች» አለ ወንድሟ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቀጠሮ ለመያዝ ሰዓት ይምረጡ ይላል አይደል? ስትነካው ሦስት ሰዓት፣ አራት ሰዓት ብሎ መምጣት ነበረበት። እሷ የሰዓቶቹን ዝርዝር ነው ያያያዘችበት።»

ሰዓት ሠሪው ነካው። የግድግዳ፣ የኪስ፣ የጠረጴዛ ሰዓት እያለ ዝርዝሩ ወረደ። መጨረሻው ላይ «የእጅ ሰዓት፣ የሴት፣ የባለሙያው ባለቤት» ይላል፤ ቀጥሎ «ሁለት ዓመት ተራ ጠብቃለች»።

ያቺን ሰዓት ጭራሽ ረስቷት ነበር። ሲመችህ ታያታለህ ብላ የሰጠችው ነች። የደንበኛ ሰዓት ባስገባ ቁጥር ወደ መሳቢያው ጥግ ሲገፋት ኖሯል።

እሷኑ መረጠ። «ላክ» የሚለውን ተጫነ።

«ቀጠሮው ለእትዬ ኢሜይል ነው የሚሄደው ጋሼ» አለ ወንድሟ። «የሚያነበው የለም።»

«አውቃለሁ። ገጹን እንዳትነካው። ከከሰሱም እኔን ይክሰሱኝ።»

ተነስቶ ወደ ሥራ ክፍሉ ገባ፤ በሩን ክፍት ተወው። ሳሎን ያሉት ተያዩ። «በዚህ ቀን ሥራ?» አለ አንዱ። ልብስ ሰፊዋ «ተዉት እስቲ» አለች።

ሰዓቷ በትንሽ ፖስታ ውስጥ ነበረች። ፖስታው ላይ እንደማንኛውም ደንበኛ ስሟንና ያመጣችበትን ቀን ጽፋለች፤ የመዝገብ ቤት ልማዷ ነው። የሰዓቷን ጀርባ ከፈተ። ባትሪ ነው ያለቀው፤ ሌላ ምንም የላትም። ቀየረላት፣ ክዳኗን ገጠመ፣ ሄደች። አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም።

እጁ ሥራ ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ ብዙ ቆየ። ከዚያ ሰዓቷን ፖስታዋ ውስጥ መልሶ፣ ከስሟ ሥር «ተሠርታለች» ብሎ ጻፈና፣ ባለቤቶቻቸውን ከሚጠብቁት ሰዓቶች ጎን ሚስማሩ ላይ ሰቀላት።