የሟቹ ሊቀመንበር አምስት ሰይፎች

የሂራሴ ከተማ የጥንት ሰይፍ ወዳጆች ማኅበር ጸሐፊ አቶ ኒሺጎሪ ከምንጣፉ ላይ ተነሡ፤ ኮታቸውን ቆለፉ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ክቡራን አባላት፤ የዛሬው የመታሰቢያ ውድድር ከመጀመሩ በፊት፣ የመፀዳጃ ቤቱ ነጠላ ጫማ ሁለት ጥንድ ብቻ መሆኑን በከፍተኛ የኃላፊነት ስሜት አሳውቃለሁ።»

ሽማግሌዎቹ የጦር አዋጅ እንደ ሰማ ሰው አንገታቸውን ደፉ። ሴጋዋም ደፋ፤ ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነውና ማስታወቂያ ማክበር ያውቃል። ልቡ ግን ግድግዳው ሥር፣ በቀይ ጨርቅ ላይ ከተደረደሩት አምስት ሰይፎች አንዱ ጋ ነበር።

አምስቱም የሟቹ ሊቀመንበር የአቶ ካናሞሪ ናቸው። እጀታቸው ወልቋል፤ የአንጥረኛው ስም የተቀረጸበት የብረቱ ጭራ በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ በየፊታቸው የቁጥር ካርድ ቆሟል። ተወዳዳሪው ስለቱን ብቻ አይቶ የማን እጅ ሥራ እንደሆነ በወረቀት ይጽፍና ለዳኛው ይሰጣል። ሟቹ ቃል ትተው ነበር፦ አምስቱንም ያወቀ ሰው ከመካከላቸው የሙኔኦኪን ሰይፍ ይውሰድ። ሙኔኦኪ በጥንት ዘመን የዚያው የሂራሴ አንጥረኛ ነበር። ሰይፉ ደግሞ ቀድሞ የሴጋዋ አባት ሀብት ነበር፤ የቤታቸው ጣሪያ ሲያፈስ ለአቶ ካናሞሪ ሸጡት። ጣሪያው ከዚያ ወዲህ አፍስሶ አያውቅም። ሴጋዋ ግን ዝናብ በዘነበ ቁጥር ቀና ብሎ ያየዋል።

ክፋቱ፣ በአሥራ አንድ ዓመት አባልነቱ ከመጨረሻነት ፈቀቅ ብሎ አያውቅም። ስለዚህ ባለፈው ሐሙስ የባቄላ ጣፋጭ በሣጥን አስጠቅልሎ ወደ ዳኛው፣ ወደ ሰይፍ ነጋዴው አቶ ኡቡካታ ሱቅ ጎራ አለ።

«እንዲያው ስለ ሰይፎቹ ጠባይ ትንሽ ቢነግሩኝ ብዬ...»

«አቶ ሴጋዋ፣ እኔ ዳኛ ነኝ። ዳኛ አፍ የለውም።»

ጣፋጩን ተቀብለው ወደ ጓዳ ገቡ። ሲመለሱ ሟቹ የተዉትን የመልስ ዝርዝር ጠረጴዛው ላይ «ረስተው»፣ በመስኮት ውጭ ውጭውን ማየት ጀመሩ።

«ይህንን ከእርስዎ በቀር ያየ የለም» አሉ ፊታቸውን ሳይመልሱ። «ስለ አባትዎ ብዬ ነው።»

ሴጋዋ አምስቱን ስም ከነቁጥሩ እንደ ዳዊት ሲደግም ሰነበተ።

ውድድሩ ተጀመረ። አንድ በአንድ እየተንበረከኩ ለሰይፉ እጅ ይነሣሉ፣ አንሥተው ወደ አምፖሉ ይዘረጉታል። ሰይፍ ላይ አይወራም፤ የምራቅ ፍንጣሪ ብረት ያዝጋል። ስለዚህ ሰው ሁሉ ዕውቀቱን የሚገልጸው በቅንድቡ ነው። አቶ ኒሺጎሪ አንዱን ቅንድብ ሰቀሉ። ቶፉ የሚባለውን የአኩሪ አተር አይብ የሚሸጠው ዶይ፣ የሴጋዋ የልጅነት ጓደኛ፣ ከዚያ አልፎ ዓይኑን ጨፈነ። ዓይንን ጨፍኖ ሰይፍ ማየት የሊቃውንት ደረጃ ነው።

የሴጋዋ ተራ ደረሰ። ቁጥር ሁለት ፊት ተንበረከከ። እንደ ዝርዝሩ ይህ በአንጥረኞቹ የታወቀው የቢዘን አገር ሥራ ነው። አንሥቶ ወደ መብራቱ አዘነበለው፤ እጁ ከዓይኑ ቀድሞ አወቀ። ከጫፉ አንድ ስንዝር ወረድ ብሎ፣ በስለቱ ነጭ ሞገድ ውስጥ፣ የሩዝ ፍሬ የምታክል ጠቆር ያለች ነጥብ አለች። አባቱ ሰይፉን ዘይት በሚቀቡበት ቀን «ይቺ ሙኔኦኪ ሚስቱ ስትጠራው ዞር ያለባት ቦታ ናት» እያሉ ይስቁባት የነበረች ነጥብ።

ዝርዝሩ ግን ሙኔኦኪ አራተኛው ነው ይላል። ወደ አራተኛው ሄደ። ነጥብ የለም። ስለቱም የአባቱን አይመስልም። እንደገና ደግሞ አሰበ፦ አቶ ኡቡካታ ሃምሳ ዓመት ሰይፍ የሸጡ ሰው ናቸው፤ እሱ ሠላሳ ስምንት ዓመት ደብዳቤ ያደለ ሰው ነው። ብረት ሲያረጅ ነጥብ ያወጣ እንደሆነ፣ ያጠፋም እንደሆነ ማን ያውቃል? ሁልጊዜ መጨረሻ ከሚወጣ ዓይን ጋር ምን ያከራክራል? ሁለተኛ ላይ «ቢዘን»፣ አራተኛ ላይ «ሙኔኦኪ» ብሎ ጻፈና አስረከበ።

ኮሪደሩ ላይ ዶይ የነጠላ ጫማ ተራ እየጠበቀ አገኘው።

«ምነው አላበህ? ዘንድሮም ጭራ ልትሆን ነው? ተወው፤ አሁን ቢቀርብህ ራሱ ይናፍቅሃል።»

«አንተ ዓይንህን ጨፍነህ ምን አየህ?»

«ዓይን ለጀማሪ ነው።»

ተመልሰው ሲቀመጡ ዳኛው ዝርዝሩን ከኪሳቸው አውጥተው ወረቀቶቹን ማረም ጀመሩ። «የመጀመሪያው፣ አምስቱም ልክ» አሉ በግርማ። «ሁለተኛው፣ አምስቱም ልክ።» ስድስተኛው ላይ ድምፃቸው ቀጠነ። አሥራ አንደኛው ላይ ግንባራቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

«ማኅበራችን» አሉ፣ «እጅግ ከፍ ካለ የዕውቀት ደረጃ ደርሷል።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ አሥራ አንዱ ሽማግሌዎች ወደ ግራና ቀኝ እየዞሩ «እንኳን ደስ ያለዎት» ተባባሉ። አቶ ኒሺጎሪ ዕጣ ይውጣ የሚል ሐሳብ አቀረቡ።

«ዕጣው ይደርሳል» አሉ የሟቹ ሚስት ወይዘሮ ካናሞሪ፣ እስካሁን ጥግ ይዘው ሻይ ሲቀዱ የነበሩት። «መጀመሪያ ልማዱን እናድርስ። ስሞቹ ይገለጡ።»

የአንደኛውን ጭራ ከጨርቁ ፈቱት። ዳኛው ጎንበስ ብለው ስሙን አነበቡ፤ መነጽራቸውን አውልቀው ወለወሉ፤ እንደገና አነበቡ። ዝርዝሩ ላይ አምስተኛ ሆኖ የተጻፈው ስም ነው። ወይዘሮ ካናሞሪ ሁለተኛውን ፈቱ። ብረቱ ላይ «ሙኔኦኪ፣ በሂራሴ» ይላል።

«እኔ እንደ ባለቤቴ ወግ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የደረደርኳቸው» አሉ ሴትዮዋ በዝግታ። «ዝርዝሩም የተጻፈው እንደዚያው ነው። የቁጥሩን ካርድ ከግራ ጀምሮ ያስቀመጠው ማን ነው?»

አቶ ኒሺጎሪ ምንጣፉን አዩ።

«ወይዘሮ ካናሞሪ» አለ ሴጋዋ። «ሁለተኛው የአባቴ መሆኑን አውቄው ነበር። ነጥቧን አይቻለሁ።»

ሴትዮዋ ከዳኛው እጅ ወረቀቶቹን ወሰዱ፤ አንድ በአንድ ገለጡ፤ የእሱ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«ሁለተኛ፣ ቢዘን ነው የሚለው። የእርስዎ የእጅ ጽሑፍ ነው?»

ሴጋዋ ወረቀቱን አየ። «የእኔ ነው።»

ወረቀቱን በሁለት እጃቸው፣ በክብር መለሱለት። ከዚያ ሙኔኦኪን አንሥተው ስለቱን በሐር ጨርቅ ጠረጉት።

«እንግዲህ የሚያውቀው ሰው እስኪመጣ እኔ ጋ ይቆያል» አሉና ቀስ አድርገው ወደ ሰገባው መለሱት።