ድድ የሚይዝ ወይን

ምድር ቤቱ ውስጥ ጊዜ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ላይ፣ ፀሐይ ባለበት፣ ሰው እየሮጠ ያረጃል፤ እዚህ ታች ግን ስምንት ሺህ ጠርሙስ ቀይ ወይን በጎኑ ተጋድሞ፣ እያንቀላፋ ያረጃል፤ እርጅናውም ያምርበታል። ሽማግሌው የምድር ቤት ጠባቂ በመደርደሪያዎቹ መካከል ሲያልፍ ኮቴው አይሰማም። ሕፃን አስተኝቶ የሚወጣ ሰው ነው የሚመስለው። አንዳንዴ ራሱም ቆሞ ያንቀላፋና ወይኖቹ በህልማቸው የሚያወሩ ይመስለዋል።

ሰው ሁሉ የሚጠራው «አፍንጫው» እያለ ነው። ገና ጠርሙሱ ሲከፈት የወይኑን ዓመት፣ የበቀለበትን ተዳፋት፣ የዚያን ዓመት ዝናብ ሳይቀር ይናገር ነበር። ነበር ነው እንግዲህ። ካቻምና አንድ ክፉ ጉንፋን አልጋ ላይ ጥሎት ከርሞ ሲነሳ፣ ሽታ የሚባል ነገር ከዓለም ጠፍቶ ጠበቀው። ሳሙናም ቡሽም ለሱ ያው ውሃ ሆኑ። ከዚህ ምድር ቤት ሌላ የሚያውቀው ቦታ የለም፤ ካወቁብኝ ቤት ያስቀምጡኛል ብሎ ስለፈራ ነገሩን ሆድ ይፍጀው አለው። እዚያው ቀማሽ የሆነችው ልጁ ወይን ስታሸት ፊቷን ሰርቆ ያያል። ፈገግ ካለች ያመሰግናል፤ ከተኮሳተረች ይነቅፋል። ሁለት ዓመት ሙሉ በልጁ ፊት አሸተተ።

ዛሬ ጠዋት የወይን ቤቱ ባለቤት ራሷ ወረደች። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ጎርፍ በመጣበት ዓመት የተጠመቀው ቀይ ወይን ገዢ መጥቶለታል፤ ይለቀቅ ወይስ ይቆይ? ጠርሙስ የምትሞላው ሴትዮ ብርጭቆ ደረደረች። ልጅቱ መብራቱን ልታበራ ዞር ስትል ባለቤትየዋ የመጀመሪያውን ጠርሙስ ለሽማግሌው ቀዳችለት። ሁሉም የሚያየው እሱን ነው፤ እሱ የሚያየው ፊት ግን የለም። ብርጭቆውን አሽከረከረ፤ ዓይኑን ጨፍኖም በረጅሙ ሳበ።

«ጽጌረዳ ነው!» አለ። «እንዴት ያለ የጠዋት ጽጌረዳ!»

ጠርሙስ ሞይዋ ከወዲያ ሆና አፍንጫዋን ያዘች። ቡሹ ሻግቶ ኖሮ ወይኑ ዝናብ የመታው ውሻ ይሸታል።

«ይሄ ጽጌረዳ ከሆነማ የኔም መወልወያ ሽቶ ነው» አለች።

ልጅቱ ብርጭቆውን ተቀብላ አሸተተች፤ ከዚያ አባቷን አየችው። ሽማግሌው ክው አለ። ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«እትዬ፣ ካቻምና ነው የጠፋብኝ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ምንም አይሸተኝም።»

«ለኔ እንኳን አትነግረኝም፣ አባዬ?» አለች ልጁ፤ እንባዋ ቀደማት። አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል ይባል የለ።

ባለቤትየዋ ክፉ ሰው አይደለችም። «እንግዲህ ብዙ ለፍተዋል» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ከሰኞ ጀምሮ ቤትዎ ይረፉ። ልጅዎ ትቀምሳለች።»

ልጅቱ ዓይኗን ጠርጋ ከዚያው ከጎርፉ ወይን ሌላ ጠርሙስ ከፈተች፤ ለረጅም ጊዜ አሸተተች። «ይሄኛው ደህና ነው። ደርሷል፤ ይለቀቅ።»

ሽማግሌው ለስንብት ያህል አንድ ጉንጭ ወሰደና አፉ ውስጥ አቆየው። ወይኑ ድዱን ጨምድዶ ያዘው።

«አልደረሰም» አለ።

«አባዬ፣ ሳይሸትህ እንዴት አወቅክ?»

«ይሄ በማሽተት አይታወቅም፤ በመንካት ነው። ታኒኑ ገና ይቧጥጣል። ሽታው ቀድሞ ነቅቶ ይሆናል፤ አካሉ ግን እንደተኛ ነው።»

ታኒን የሚሉት ከወይኑ ቆዳና ዘር የሚወጣውን፣ ጥሬ ሙዝ እንደነከሰ ሰው አፍ የሚያደርቀውን ነገር ነው። ዓመታት ሲያልፉ እርስ በርሱ ይያያዛል፣ ይከብዳል፣ ጠርሙሱ ሥር ይዘቅጣል፤ ያኔ ወይኑ ይለሰልሳል። ባለቤትየዋም ይህን ታውቃለች፤ ሽማግሌውን ግን አላመነችውም። የሦስት የተለያየ ዓመት ወይን፣ ቀለሙ እንዳይታይ በሦስት ጥቁር ኩባያ አስቀዳችና አቀያይራ ሰጠችው።

«ይሄ ያምናው ነው፤ ይናከሳል» አለ። ሁለተኛውን ጎንጨት አድርጎ ፈገግ አለ። «ይሄ ጨርሷል። ምላሴ ሳይይዘው ሾልኮ ሄደ፤ አሥራ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው።» ሦስተኛውን ከሁሉም አብልጦ አቆየው። «የጎርፉ። ገና ያልታጠበ አዲስ አንሶላ ነው። ሁለት ዓመት ይቀረዋል።»

ልጅቱ ጠርሙሶቹን አየች። አንድም አልሳተም።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ!» አለች ጠርሙስ ሞይዋ፣ መጀመሪያውኑም ይህንኑ ስትል የነበረች ይመስል።

ባለቤትየዋ ራሷ አንድ ጉንጭ ወስዳ ምላሷን በድዷ ላይ አዞረች። «ገዢውን እኔው እመልሰዋለሁ» አለች በመጨረሻ። «ሰኞ እንዳይቀሩ።» ደረጃውን ወጣች፤ ጠርሙስ ሞይዋም ተከተለቻት።

አባትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ። በመደርደሪያዎቹ ላይ ያ ሁሉ ወይን ምንም እንዳልተፈጠረ ያንቀላፋል። ሽማግሌው በርሜል ላይ ተቀምጦ የጎርፉን ወይን ወደ ልጁ ገፋ አደረገው።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ልጠይቅሽ ስፈልግ ነበር» አለ። «እንዳይነቃብኝ ፈርቼ ነው። ምን ይሸታል?»

ልጅቱ ከጎኑ ተቀመጠችና ብርጭቆውን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች።

«የደረቀ ጭቃ… ትንሽ ትምባሆ…» ደግማ አሸተተች። «ደግሞ የእማዬ የልብስ ሣጥን፤ ከሞተች በኋላ የከፈትነው ቀን።»

ሽማግሌው ዓይኑን ጨፈነ።

«ቀስ ብለሽ» አለ። «እሷን እንደገና ንገሪኝ።»