ስድስተኛው ከረጢት

ተራራ ዕድሜውን በፈቃዱ አይናገርም፤ ያስለፈልፉታል እንጂ። የሥነ ምድር መምህሯ የምታስለፈልፈው እንዲህ ነው፦ ድንጋይ በምድር ሆድ ውስጥ ትኩስ ሳለ ዓመት አይቆጥርም። ሁለት የምድር ገጾች ተጋጭተው ተራራው ሽቅብ ሲገፋ፣ አናቱም በዝናብ ሲሸረሸር፣ ከሥር ያለው ድንጋይ እየወጣ ይቀዘቅዛል፤ ያኔ በውስጡ ደቃቅ ጭረት እየጫረ ዓመት መቁጠር ይጀምራል። ከግርጌ እስከ ጫፍ ስድስት ድንጋይ ከተገኘ ተራራው በምን ፍጥነት እንዳደገ ይታወቃል። መልሰው ካሞቁት ግን የቆጠረው ሁሉ ድራሹ ይጠፋል። ይህን ማንም ጀማሪ ተማሪ ያውቀዋል፤ የምታስተምረውም እሷ ናት።

ከረጢቶቹን የሰፉላት አባቷ ናቸው። ልብስ ሰፊ ናቸውና ከሸራ ቆርጠው፣ ቁጥሩን በቀይ ክር ጠልፈው ሰጧት። አምስቱን ራሷ ሞላች። ስድስተኛው፣ የጫፉ ድንጋይ፣ ሲቀር እግሯ ወለም አለ። ታናሽ ወንድሟ «የድንጋይ አዋላጇ፣ አንቺ ቁጭ በይ! የዛሬውን እኔ አዋልዳለሁ» ብሎ እየሳቀ ወጣ። ሲወርድ ናዳ ይዞት ሄደ። ከረጢቱ ጀርባው ላይ እንደታዘለ ተገኘ።

አባቷ አንድም ቀን አልወቀሷትም። ሊያጽናና ለመጣ ሁሉ የሚሉት አንድ ነገር ነበር፤ «ልጄ በከንቱ አልሞተም። ድንጋዩን አምጥቷል።» የያዛቸው ይህ ብቻ ነበር።

ወደ ሥራ በተመለሰች ቀን ከረጢቱን ይዛ ቤተ ሙከራ ገባች። ጭቃው አልለቀቀም። መጥረጊያ ስትፈልግ ማድረቂያው ምድጃ እጀታ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሮ አየች። ፈታችውና እያለቀሰች የወንድሟን ጭቃ ጠረገችበት። ከዚያ ድንጋዩን ምድጃው ውስጥ አስቀምጣ፣ ቁልፉን ተጭና ወደ ቤቷ ሄደች።

ለማድረቅ ስልሳ ዲግሪ ይበቃል። ባልደረባዋ ግን ለሌላ ሥራ ብሎ አራት መቶ ላይ አስተካክሎት ነበር። እንዲህ ያደረገ ሰው እጀታው ላይ ቀይ ጨርቅ ይሰር የሚለውን ሕግ ያወጣችው ራሷ ናት! ሀዘን እንኳን ዓይንን ልብንም ይጋርዳል። ጠዋት ምድጃውን ስትከፍት ወላፈኑ ፊቷን ገረፋት።

የፈሰሰ ውሃ እንደማይታፈስ እያወቀች ወር ሙሉ ማጉያ መነጽሩ ላይ ተደፍታ ከረመች። አንድም ጭረት የለም። ድንጋዩ ከትናንት ወዲያ የተወለደ ይመስል ነበር።

አባቷ ከስፌት መኪናቸው ቀና ሲሉ ቆማ አገኟት።

«አባባ፣ ድንጋዩን አበላሸሁት። በራሴ እጅ አቃጠልኩት።»

መኪናው ቆመ። አዛውንቱ መርፌው ሥር የቀረውን ጨርቅ ጎትተው አወጡ።

«ሌላ እንደሱ ያለ አይገኝም?»

መዋሸት ትችል ነበር። ምነው በዋሸች!

«ሞልቷል አባባ። ጫፉ በሙሉ እሱው ነው።»

«ሞልቷል?» አሉ አባቷ ቀስ ብለው። «እኔ እኮ... ያ አንዱ ብቻ መስሎኝ ነበር።»