ሠላሳ ስምንት ጆንያ አሸዋ

አስማማው ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ያለውን የአውሮፕላን ሜዳ መጠበቅ ከጀመረ፣ በ1989 ዓ.ም. አሥራ አንድ ዓመት ሞልቶታል። መጠበቅ ሲባል ታዲያ ከብት ያባርራል፣ መንገደኛና ጓዙን ይመዝናል፣ ከክብደቱ ግርጌ ይፈርማል። በፊርማው የሚኮራውን ያህል በምንም አይኮራም።

ሜዳው ሣር ነው፤ አጭርም ነው። አገሩ ደጋ ስለሆነ አየሩ ይሳሳና ሞተር ያደክማል። በወር ሁለቴ የምትመጣው ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ስምንት ሰው ይዛ ትነሳ ነበር፤ እሷ ግን አርጅታ ልትቀር ነው። ሠሪዎቿ ወገቧን አስረዝመው፣ ሞተሯን አጠንክረው፣ አሥራ ዘጠኝ ሰው የምትይዝ ታናሽ እህት አበጁላት፤ ታናሽ ትባል እንጂ በቁመት ታላቋን ታስከነዳለች። ታናሺቱ ሙሉ ጭነት ይዛ ከሜዳው ጫፍ መለስ ብሎ ለምልክት ከተተከለው ነጭ ድንጋይ በፊት ከተነሳች በረራው ይቀጥላል፤ ካልተነሳች ሜዳው ይዘጋል። የአስማማው ጭንቀት ስለ እንጀራው ብቻ አልነበረም። ባለቤቱ የብርጓል ልቧን ታማ በየወሩ አዲስ አበባ ትታከማለች፤ ሐኪሟም የዓባይን በረሃ በአውቶቡስ እንዳታቋርጪ ብሏታል።

ለሙከራው በሰው ፈንታ አሸዋ ይጫን ተባለ፤ ለአንድ ወንበር ሁለት ጆንያ፣ እያንዳንዱ አርባ ኪሎ። አስማማው መዘነና ፈረመ፤ የብርጓል የጆንያውን አፍ ሰፋች።

አውሮፕላኗ ተንደረደረች። ነጩን ድንጋይ ስታልፍ ጎማዋ ገና ሣሩ ላይ ነበር። አብራሪው ፍሬን ይዞ አጥሩ ጥግ አቆማት።

ሙከራውን የሚመራው ኢንጂነር አካለ ወልድ ወረቀቱን አጠፈ። «አዝናለሁ፣ ጋሼ አስማማው። አልቻለችም።»

አስማማው ዞሮ ሚስቱን ሲያያት ፊቷ አመድ መስሏል።

«ምነው፣ አመመሽ?»

«መርቄበት ነበር» አለችው በሹክሹክታ። «ከብት ልታባርር ስትሄድ በየጆንያው ሁለት ሁለት ጣሳ ጨመርሁበት። እንዴት ለእንግዳ ልክ በልኩ ይሰጣል? ሰውስ ምን ይለናል ብዬ።»

እንግዲህ ፍረዱ! በእኛ አገር ጤፍ ሰፍራ ትንሽ ያልመረቀች ሴት ቋጣሪ ትባላለች፤ የብርጓል ደግሞ ቋጣሪ ተብላ አታውቅም። ደግነቷ አሸዋና ጤፍ አይለይም።

አስማማው ቀጥ ብሎ ኢንጂነሩ ዘንድ ሄደ።

«ጌታዬ፣ ጭነቱ ትርፍ አለበት። እኔ ነኝ የጨመርሁት።»

«እርስዎ? ፈርመው ሲያበቁ?»

«አዎ፣ ፈርሜ።»

የብርጓል ልትናገር ስትል እጇን ጨበጥ አደረጋት። ጆንያዎቹ ወርደው እንደገና ተመዘኑ፤ ሁለት ሰው የሚያህል ትርፍ ተገኘ። ከሰዓት በኋላ ታናሺቱ ልክ በልኩ ተጭና፣ ነጩ ድንጋይ ጋ ለመድረስ ሠላሳ እርምጃ ሲቀራት ተነሳች። የብርጓል እልል ስትል ትንፋሽ አጠራት።

የተሳሳተ ክብደት ላይ የፈረመ ሰው ግን ሜዳ አይጠብቅም። ኢንጂነሩ ዓይኑን ሰብሮ ይህንኑ ነገረው፤ አስማማውም የሚዛኑን ቤት ቁልፍ አስረከበ።

«በእኔ ጦስ!» ብላ አለቀሰች።

«ተይ እንጂ፤ መታከምሽ አይበልጥብኝም?»

በሚቀጥለው ወር መንገደኛውን የመዘነው አዲስ ጠባቂ ነበር። የብርጓል ስድስት ዓመት ሙሉ የተመላለሰችው ብቻዋን ነው፤ አውሮፕላን በመጣ ቁጥር ባሏ ሜዳው ላይ ሥራ ነበረበት። ያን ዕለት ግን ከእሷ ቀጥሎ ሚዛኑ ላይ ወጣ።

«አንተ ደግሞ ወዴት?»

«ምን የሚያስቀረኝ አለ?» አላትና ገብቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

ሞተሩ ሲያጓራ ክንዱን ለቀም አድርጋ ያዘችው።

«ልትነሳ ስትል ሁልጊዜ እፈራለሁ እኮ» አለችው። «ነግሬህ አላውቅም።»