ለማልቀሻ የተጠሩት ተጫዋቾች

ጓደኞቿ «እሾህ» ይሏታል። የምትተዳደረው በልብስ ስፌት ነው፤ ከሥራ መልስ ደግሞ በተሽከርካሪ ወንበር ቅርጫት ኳስ ትጫወታለች። ከእጇ ኳስ የነጠቀ ሰው ብርቅ ነው።

ፊልም ሠሪዎች ቡድኗን በሙሉ ለትወና ሲጠሩ ደስታዋን አልቻለችውም። ፊልሙ ስለሚመጣ ክፉ ዘመን ነው፤ ከተማውን አምባገነን ይገዛዋል፣ በኳስ የተሸነፈም ይገደላል። «እማዬ፣ በስተመጨረሻ እኛም ልንታይ ነው!» አለቻቸው እናቷን።

የቀረጻው ቦታ ሲደርሱ ግን ዳይሬክተሩ፣ «እናንተ ገና ሲጀመር ትሞታላችሁ። ጀግናው ያለቅስላችኋል፤ ከዚያ ሊበቀል ይነሳል» አላቸው።

«አንድ ቃል ሳንናገር፣ አንድ ነጥብ ሳናስቆጥር?» አለች እሾህ።

«እህቴ፣ የተመልካቹን አንጀት እንድትበሉ እኮ ነው።»

«እኛ የመጣነው ኳስ ልንጫወት ነው እንጂ የሰው አንጀት ልንበላ አይደለም።»

ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። ዳይሬክተሩ ግን ፊቱን አልፈታም።

ካሜራው መቅረጽ ጀመረ። ገዳዩ፣ ግድግዳ የሚያክል ተዋናይ፣ ሊጥላት ተንደረደረ። እሾህ ጎማዋን ጠምዘዝ አድርጋ አሳለፈችው፤ ሰውዬው ሜዳው ላይ ተዘረጋ። እሷም ኳሱን አፈፍ አድርጋ ቅርጫት ውስጥ ከተተችው።

«ከት! አቁሙ! ሙቺ እንጂ!» አለ ዳይሬክተሩ።

«አልሞትም!»

ደገሙት፤ ያው ሆነ። ሲሠልሱት ጓደኞቿም «እኛም!» ብለው ሜዳውን ይሽከረከሩበት ጀመር። ገዳዩ ላብ በላብ ሆኖ፣ «ጌታዬ፣ እኔ በበኩሌ እቺን ልጅ መግደል አቅቶኛል» አለ።

«ውጡልኝ! ሌላ ሰው ወንበሩ ላይ አስቀምጣለሁ!» ብሎ ጮኸ ዳይሬክተሩ።

«አስቀምጥ። ሲገለበጥ አንተው ታነሳዋለህ።»

በሩ ጋ ሲደርሱ ሽማግሌው ካሜራማን ዳይሬክተሩን ክንዱን ይዞ፣ «መጀመሪያ የቀረጽኩትን እየው» አለው። አየው። ደግሞም አየው። ከዚያ እየከበደው፣ «እሺ፣ አትሙቱ» አላቸው።

«መናገርስ?» አለች እሾህ።

ተከራክረው ተከራክረው፣ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ደረሳቸው። ይነስ እንጂ የራሳቸው ነበር።

ፊልሙ በሚመረቅበት ዕለት እሾህ ራሷ የሰፋችውን ቀይ ቀሚስ ለብሳ ከእናቷና ከጓደኞቿ ጋር መጣች። የሲኒማ ቤቱ መግቢያ ደረጃ ብቻ ነው። ዘበኞቹ ወንበሯን ሊያነሱ ጎንበስ አሉ።

«እንሸከማችሁ፣ እህቶቼ።»

«ዕቃ ነን እንዴ?» አለችና ደረጃው ፊት ወንበሯን ገተረች። ጓደኞቿም ከግራ ከቀኝ ተደረደሩ። ሱፍና ሐር የለበሰው እንግዳ መንገድ ላይ ቆሞ ቀረ።

ዳይሬክተሩ እየሮጠ መጣ። «እባክሽ፣ ፊልሙ ሊጀመር ነው!»

«እኛ ሳንገባ? ይጀመራ!»

እናቷ ሊገላግሉ የመጡ መስሎት ወደ እሳቸው ዞረ። እሳቸው ግን ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። «እኔም ጉልበቴን ያመኛል፣ ልጄ» አሉት።

ሰው ተሯሯጠ። አናጢዎች ተጠርተው ረጃጅም ሳንቃ እያመጡ ደረጃው ላይ በሚስማር መቱ። እሾህ ማንም ሳይገፋት፣ ሳንቃው ከሥሯ እየተንቋቋ፣ ወጣች። ጫፉ ላይ ስትደርስ ወደ አናጢዎቹ ዞር አለች።

«ሚስማሩን አጥብቁት፤ ነገም እንመጣለን።»